ባለ አምስት ቀለሙን የሽሪምፕ «የእርባታ ፓኬጅ» እንዳትገዙ

ሰሞኑን በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም የቴሌግራም ገበያዎች ላይ አንድ ማስታወቂያ እየተዘዋወረ ነው። «ባለቀለም ሽሪምፕ ቤትዎ ያርቡ፤ የተራባውን እኛው መልሰን እንገዛዎታለን» ይላል። ሽሪምፕ ማለት ብዙ እግር ያላት፣ ለጌጥ በመስታወት ገንዳ የምትያዝ ትንሽ የውኃ እንስሳ ናት። ፓኬጁ ውስጥ አንድ የመስታወት ገንዳ፣ የአየር ፓምፕ፣ ምግብ፣ አንድ ብልቃጥ መድኃኒትና 50 ሽሪምፕ አለ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ፤ ከየቀለሙ 10። የ6 ወር ውል ይፈረማል። ክፍያው ግን ሙሉው በቅድሚያ፣ በቴሌብር።

እንዳትገዙ።

ውሉን አግኝቼ አንብቤዋለሁ። አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ማኅተምም አለው። ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው «ገዢው ያራባውን ሻጩ መልሶ ይረከባል» የሚለው ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለችውን ማንም ልብ አይላትም፦ «ቀለሙ የጠራና ያልተቀላቀለ እስከሆነ ድረስ»። ጉዱ ያለው እዚች ጋ ነው። ሰውዬው አምስት ቀለም ሸጦላችሁ የሰጣችሁ ገንዳ አንድ ብቻ ነው። አንድ ገንዳ ውስጥ ተቀላቅለው እየኖሩ የጠራ ቀለም አይገኝም። ሽሪምፕ የሚሸጥ ሰው ይኼን አላውቅም ቢል ማን ያምነዋል?

ለማያውቀው ላስረዳ። እነዚህ ቀይና ሰማያዊ የምትሏቸው የተለያዩ ፍጥረቶች አይደሉም። ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኒዮካሪዲና ዳቪዲ ይባላል። የመጣው ከምሥራቅ እስያ፣ ከእነ ቻይናና ታይዋን ነው። በተፈጥሮው ቡናማ፣ ውስጡ የሚታይ፣ ከድንጋይና ከቅጠል ተመሳስሎ የሚደበቅ ነው። ጎረቤቴ «የውኃ ፌንጣ» ነው የምትለው። ቀዩም ሰማያዊውም የመጣው ሰው ለረጅም ጊዜ እየመረጠ፣ የደመቀውን ከደመቀው ጋር እያራባ፣ የደበዘዘውን እያወጣ ስለሠራበት ነው። ቀዩን ከሰማያዊው ጋር ስታቀላቅሉት ያ ሁሉ ድካም ይፈርሳል። ልጆቹ በአብዛኛው ወደ ጥንቱ ቡናማ ይመለሳሉ። ሰርገኛ ዘርቶ ማኛ አጭዳለሁ እንደ ማለት ነው።

ሥራውን የሚያውቁ አርቢዎች ለአንድ ቀለም አንድ ገንዳ ነው የሚሰጡት። ያም ሆኖ ማጣራቱን አይተውም። ቀዩ ብቻውን እንኳ ደረጃ አለው፦ ቼሪ፣ ሳኩራ፣ ፋየር ሬድ፣ ፔይንትድ ፋየር ሬድ እየተባለ ይወጣል። ቼሪው ገላው ላይ ጣል ጣል ያለ ቀይ ነው ያለው። የመጨረሻው እግሩ ድረስ ቀይ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ምንም አይታይም። ክሪስታል ሬድ የሚባለውን ነጭና ቀይ ሽሪምፕ ያስገኘው ጃፓናዊው ሂሳያሱ ሱዙኪም የሠራው እንደዚሁ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከጥቁርና ነጭ ሽሪምፖቹ መሀል ቀይ የሆኑ ጥቂት አገኘ። ያ ቀይ ከጥቁሩ ጋር ሲዳቀል ይደበቃል፤ ልጆቹ ጥቁር ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ቀዩን ለብቻው ለይቶ፣ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ አጠራው። የኛ ሰውዬ ደግሞ አምስት ቀለም በአንድ ፌስታል አስሮ «ያጥሩ» ይለናል።

ፓኬጁን የገዙ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ድረስ ይዘዋቸው መጥተው ነበር። ግማሹን በሃይላንድ ጠርሙስ፣ ግማሹን በጀሪካን። መስኮት አጠገብ ነጭ ሳህን ላይ ትንሽ ውኃ አድርገን ጥቂት ጥቂቱን እያወጣን አየናቸው። ትልልቆቹ ቀለማቸው አለ። የተወለዱት ግን ቡናማ ናቸው፤ ጥቁሯ አንጀታቸው ከጀርባቸው ላይ እንደ ክር ትታያለች። ይኼ የሚጠበቅ ነው። እኔን ያናደደኝ ሰማያዊዎቹ ናቸው። ሴቷ ሽሪምፕ ከወንዱ ትበልጣለች፤ ሆዷ ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነው። ለመራባት ስትደርስ ከጭንቅላቷ ጀርባ ኮርቻ የሚባል ቢጫማ ምልክት ይወጣላታል። ሰማያዊዎቹን አንድ በአንድ አገላበጥኳቸው። ቀጫጭን፣ ሆዳቸው ቀጥ ያለ። አንዲት ሴት የለችባቸውም።

ይኼ ማለት መምህሩ አምስት ገንዳ ገዝተው ቢለዩዋቸው እንኳ ሰማያዊ ሽሪምፕ አይወለድላቸውም ማለት ነው። ሰማያዊው ወንድ ያለው ምርጫ ቀይዋን ወይ ቢጫዋን ማግኘት ነው። ብርቱካናማዎቹም ያው ነበሩ።

እዚያው እያለን ሻጩ ጋ ደወሉ፤ ድምፁን ከፍ አድርገውት ሁላችንም ሰማነው። «ጋሼ፣ ውሉ ‹የጠራ› ነው የሚለው። እርስዎ የያዙት ቡኒ ነው። ቡኒ ማን ይገዛል?» አላቸው። «ቡኒውን የሰጠኝ ማን ሆነና!» ሲሉት ዘጋው። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይሠራም።

አሁን ደግሞ ወር እንቁጠር። የሚሰጧችሁ ሽሪምፖች ታዳጊ ናቸው። ለመራባት እስኪደርሱ 2 ወይም 3 ወር ይፈልጋሉ። ሴቷ ከ20 እስከ 30 የሚሆን እንቁላል ከሆዷ ሥር ይዛ አንድ ወር ገደማ ትቆያለች። የተፈለፈሉት ለሽያጭ እስኪበቁ ሌላ 2 ወይም 3 ወር ነው። ደምሩት። የሚሸጥ ነገር እጃችሁ ሲገባ የ6 ወሩ ውል ወይ አልቋል፣ ወይ ሊያልቅ ነው። «በ3 ወር ትርፍ» የሚለው ማስታወቂያ ከየት የመጣ ሒሳብ እንደሆነ እሱ ይወቀው።

ለነገሩ ሽሪምፑን መልሶ ገዝቶ ለማን ሊሸጠው ነው? በኛ አካባቢ አኳሪየም (የመስታወት የዓሣ ገንዳ) ያለው አንዳንድ ሆቴልና ፀጉር ቤት፣ እንዲሁም እንደኔ ያለ ጥቂት ሰው ነው። ለሰውዬው ገንዘብ የሚያስገባለት ሽሪምፑ ሳይሆን ፓኬጁ ነው።

ስለ ብልቃጧ መድኃኒትም አንድ ነገር ልበል። መለያው ላይ ኮፐር ሰልፌት ይላል። ይኼ ለዓሣ በሽታ የሚታዘዝ ነው። መዳብ ለሽሪምፕ መርዝ ነው፤ በትንሽ መጠንም ይገድላል። ውሉ ደግሞ «በአያያዝ ጉድለት ለሞተ ተጠያቂ አይደለንም» ይላል። ተንኮል ይሁን አለማወቅ አልፈርድም። ገዝታችሁ ከሆነ ግን እንዳታንጠባጥቡባቸው። ሌላው ቀርቶ ቤት ውስጥ ፍሊት ስትነፉ ገንዳውን ሸፍኑ፤ የአየር ፓምፑንም አጥፉ።

ፓኬጁ «በመጣ ቀን ሽሪምፑን ያስገቡ» ማለቱም ልክ አይደለም። አዲስ ገንዳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውኃ ተሞልቶ፣ ፊልተሩ (የውኃ ማጣሪያው) እየሠራ መቆየት አለበት። ከቆሻሻቸው የሚወጡትን መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይትን፣ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ነው። ያን ሳትጠብቁ ያስገባችሁት ሽሪምፕ መርገፉ አይቀርም።

ወደድ ያለ «የክሪስታል ፓኬጅ» የሚባልም አላቸው። እሱ ውስጥ ያለው ሌላ ዝርያ ነው፤ ለስላሳ (ማዕድን ያልበዛበት) እና ወደ አሲድ ያደላ ውኃ ነው የሚፈልገው። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ7 በታች ማለት ነው። የጣና ውኃ ራሱ ወደ አልካላይን፣ ማለትም ወደ አሲድ ተቃራኒ፣ ያደላል። ስለዚህ ልዩ አፈርና ውኃውን የሚያጣራ የሪቨርስ ኦስሞሲስ መሣሪያ ያስፈልጋል። ፓኬጁ ውስጥ ሁለቱም የሉም። ምርቃት ተብሎ የሚጨመረው አማኖ ሽሪምፕም ቤት ውስጥ አይራባላችሁም። አልጌ (ገንዳ ላይ የሚይዘውን አረንጓዴ ነገር) በመብላት አንደኛ ነው፤ እጮቹ ግን ለማደግ ጨዋማ ውኃ ይፈልጋሉ።

ሽሪምፕ ማርባቱ ራሱ መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም። ኒዮካሪዲና ለባሕር ዳር አየር ይስማማል፤ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ነው የሚወደው። ደብረ ማርቆስ ከፍ ያለ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፤ አይሞቱም፣ ግን መራባቱ ይዘገያል። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢሄድ ተክል ያለበት፣ ያልተጨናነቀ ገንዳ ይቋቋማል። መጀመር የፈለገ አንድ ቀለም መርጦ ከአንድ አርቢ 10 ወይም 15 ይግዛ። ሴትና ወንድ መኖሩን በዓይኑ ይይ። እንቁላል የያዘች ሴት ካለች ደግሞ እሰየው። ከአዲስ አበባ ከሆነ የሚመጣው፣ አባይ በረሃን ሲወርድ ፌስታሉ ይሞቃል፤ ደጀን ሲደርስ መልሶ ይበርዳል። ስለዚህ ሲደርሱ ደብዝዘው ብታዩ ወዲያው ሰው አትክሰሱ። ጠቆር ባለ አሸዋ ላይ ሁለት ሦስት ቀን አሳርፏቸውና እዩ።

ገንዘብ የከፈላችሁ ውሉን፣ የቴሌብር መልእክቱንና የማስታወቂያውን ስክሪንሾት አስቀምጡ፤ ቻቱን አታጥፉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ደረሰኝም የመጠየቅ መብት አላችሁ። መምህሩ ማመልከቻቸውን ለወረዳቸው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስገብተዋል። ሌሎቻችሁም ብትጨምሩበት አቤቱታው ክብደት ያገኛል።

ቡናማ የሆኑባችሁን ደግሞ እባካችሁ ጣና ወይም አባይ ውስጥ እንዳትደፉ። ይኼ ፍጥረት በወንዝ ውኃ ብቻ ይራባል፤ ባሕር አያስፈልገውም። ጀርመን ውስጥ የኤርፍት ወንዝ ገባር በሆነ ሞቅ ያለ ጅረት ውስጥ ከሰው ቤት ወጥቶ ተራብቷል። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ያደረገብንን እያየን ሌላ እንግዳ አንጨምርበት። የማትፈልጉትን ለኔ ስጡኝ፤ ቡናማውም ቢሆን ገንዳ ያጸዳል።

ልትገዙ ያሰባችሁትን ማየት ከፈለጋችሁ ፎቶውን በኢንቦክስ ላኩልኝ። ነጭ ሳህን ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ከጎን በኩል የተነሣ ይሁን። በባለቀለም አምፖል ሥር የተነሣ ከሆነ ሁሉም ቀይ ነው የሚመስለው፤ ምንም ልላችሁ አልችልም።