ከወራት በኋላ፦ ወገብ የወደደው፣ እጅ ያልወደደው ቀላል ሪቮልቨር

የምጽፈው ስለ አንድ ባለ አምስት ጎራሽ ሪቮልቨር ነው። ጥይቱ .38 ስፔሻል ነው። አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ከዋና ክፍሎቹ ብረት የሆኑት ሲሊንደሩ (ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል) እና በርሜሉ ናቸው። መዶሻው አካሉ ውስጥ ስለተሸፈነ ከውጭ አይታይም። በርሜሉ 5 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ባዶውን ሲመዘን ከ400 ግራም እምብዛም አያልፍም። የሠራውን ድርጅት ስም ዘልዬዋለሁ፤ የምለው ምስጋናም ሆነ ወቀሳ ለዚህ ዓይነት ሽጉጥ በሙሉ ይሠራል። በሕጋዊ ፈቃድ፣ ራሴን ለመከላከል የያዝኩት ነው። ለወራት ከቤት በወጣሁ ቁጥር ማለት ይቻላል አብሮኝ ወጥቷል።

ፍርዴን ላስቀድም። ለመታጠቅ ከዚህ የሚመች ሽጉጥ አላገኘሁም። ለመተኮስ ደግሞ ከዚህ የባሰ የሚያማርር ጥቂት ነው። ሁለቱም የሚመጡት ከቅለቱ ነው። ስለዚህ "ከሁሉ የሚቀለውን አምጡልኝ" የሚል ገዢ ሲያጋጥመኝ ትንሽ ቆም እንዲል እመክረዋለሁ።

ስለ ክብደት ቁጥር ሳይጠሩ ማውራት ዋጋ የለውም። ኮልት እ.ኤ.አ. በ1927 ዲቴክቲቭ ስፔሻልን ሲያወጣ ስድስት የሚጎርስ የብረት ሽጉጥ ነበር። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1950 ቺፍስ ስፔሻልን ይዞ መጣ። አንድ ጥይት ቀንሶ ሲሊንደሩን አሳነሰው፤ ክብደቱም ወደ 550 ግራም ወረደ። የአሉሚኒየም አካል የመጣው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ዛሬ 642 እና 442 የሚባሉት የዚያ ዘር ናቸው፤ ከ410 እስከ 425 ግራም ይመዝናሉ። ሩገር በ2009 ያወጣው ኤልሲአር ፕላስቲክ ጨምሮበት ወደ 380 ግራም ደረሰ። ስካንዲየም የተቀላቀለበት አካልና የታይታኒየም ሲሊንደር ያለው የስሚዝ ኤንድ ዌሰኑ 340ፒዲ ደግሞ ወደ 335 ግራም ነው። በሌላው ጫፍ ሙሉ ብረት የሆነው የዚያው ድርጅት 640 ከ600 ግራም ያልፋል። አምስት ጥይት ሲጎርሱ ሁሉም ላይ ወደ 75 ግራም ጨምሩ።

አሁን እርግጫውን እንይ። ያው ጥይት ከቀላል ሽጉጥ ሲተኮስ ወደ እጅ የሚመለሰው ጉልበት ሽጉጡ በቀለለው ልክ ይጨምራል። ከብረቱ ወደ አሉሚኒየሙ ስትመጡ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ወደ ታይታኒየሙ ስትወርዱ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ይህ ሁሉ በ.38 ነው። 340ፒዲ ከ.38 በጣም የሚበረታውን .357 ማግነም ጥይትም ይተኩሳል፤ ያንን መሞከር የፈለገ ሰው እጁን በደንብ ይሰናበት። አንድ ጊዜ ከሰው ተውሼ ሞክሬዋለሁ፤ ሁለተኛ ጥይት አላሰኘኝም።

የእጅ ሕመሙ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረውም። በጣም በቀለሉት ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲወረወር፣ ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች እርሳስ ከቀለሃው ወደ ፊት ይንሸራተታል። ትንሽ ከወጣ ከሲሊንደሩ አልፎ አካሉን ይነካል፤ ሲሊንደሩም አልዞር ይላል። ሪቮልቨር አይነክስም የሚለው ወሬ እዚህ ጋ ያበቃል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ አራት ተኩሳችሁ አምስተኛውን አውጡና ካልተተኮሰ ጥይት ጎን አቁሙት። ከረዘመ ያ ጥይት ለዚያ ሽጉጥ አይሆንም። እኔ አዲስ ዓይነት ጥይት ኪሴ ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ ይህን አደርጋለሁ።

ምላጩን ለብቻው ላውራበት፤ ከእርግጫው ይልቅ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚያ ነውና። መዶሻው ስለተሸፈነ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ማቀባበል የለም። ምላጩን ስትስቡ መዶሻው ይነሳል፣ ሲሊንደሩ ይዞራል፣ መዶሻው ይወርዳል፤ ሁሉም በአንድ ረጅም ስበት። ከእንደኔው ዓይነት ሽጉጥ ብዙዎቹ 5 ኪሎ ገደማ ይፈልጋሉ። አስቡት፦ 400 ግራም የሚመዝን ነገር ላይ 5 ኪሎ ትስባላችሁ። አፈሙዙ ባይንቀጠቀጥ ነበር የሚገርመው። በዚህ በኩል ኤልሲአር የተሻለ ነው፤ ስበቱ ለስለስ ያለ ነው፣ መሃል ላይ አይገታም። የኔው መጀመሪያ ላይ ሻከር ይል ነበር፤ በልምምድ ብዛት ለዝቧል። ያላለዘብኩትን ጣቴ ለምዶታል።

ማነጣጠሪያው ደግሞ እንዲሁ ለስም ያህል ነው። ከላይ የተቦረቦረ ቦይ፣ ከፊት አንዲት ትንሽ ጉብታ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። የፊቷ ጉብታ በ1 ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ 7 ሜትር ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ትስታላችሁ። ሽጉጡ ግን በራሱ ትክክለኛ ነው። ደገፍ አድርጎ በዝግታ የሳበ ሰው በዚያው ርቀት ጥይቶቹን በመዳፍ ስፋት ውስጥ ይሰበስባል። ቆሞ፣ ቸኮል ብሎ ሲሞክር ዒላማው ላይ እንደ ፈንዲሻ ይበተኑበታል። እኔም ከ7 ሜትር ባሻገር በዚህ ሽጉጥ አልተማመንም።

ለዚህ መድኃኒቱ ባዶ ልምምድ ነው። ጥይት ከክፍሉ ውጪ ይቀመጣል፣ ሲሊንደሩ ተከፍቶ አምስቱም ቀዳዳ በዓይንም በጣትም ይፈተሻል። ከዚያ በኋላ የልምምድ ሐሰተኛ ጥይት ይጎርሳል፤ አቅጣጫውም ጥይት ወደማያሳልፍ ግድግዳ። ምላጩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሳብ የፊት ጉብታዋ ካልነቃነቀች ተሳክቷል። እውነተኛ ተኩስ ላይ ደግሞ አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነውን ባለ 148 ግሬን (እርሳሱ 9.6 ግራም ገደማ) የዒላማ ጥይት ተጠቀሙ። እርግጫው ለስላሳ ነው፣ ወረቀቱን ክብ አድርጎ ይበሳል። ለመታጠቅም የሚመርጡት ብዙ ናቸው፤ ከእንዲህ ዓይነት አጭር በርሜል ፍጥነቱ ዝቅ ስለሚል ሲመታ እንዲከፈት ተብሎ አፉ ባዶ የተደረገው ጥይት ሁልጊዜ እንደተባለለት አይከፈትም። ፕላስ ፒ የሚባለውን ጠንከር ያለ ጥይት የኔው ይችላል፤ እጄ ግን አይወደውም። የቆየ የአሉሚኒየም ሪቮልቨር የያዘ ሰው ግን ሳያጣራ አይሞክረው።

ወደ መታጠቁ ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ሽጉጡ ገንዘቤን የመለሰልኝ። ኪስ ውስጥ ሲገባ ጠርዝ የለውም፤ ሁሉም ነገሩ ክብ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት ወደ 3.3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከጠፍጣፋ አውቶማቲክ ሽጉጦች ይወፍራል። ቢሆንም ቅርጹ ሽጉጥ ሽጉጥ አይልም። ጠፍጣፋው በጨርቅ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል፤ ይሄኛው ቦርሳና መሐረብ ያለበት ኪስ ይመስላል። መሐረቡ ግን በፍጹም አብሮ መግባት የለበትም። ሽጉጥ ያለበት ኪስ ሌላ ምንም አይገባበትም፤ ቁልፍም፣ ሳንቲምም። አፎት ደግሞ የግድ ነው፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን። ያለ አፎት ኪስ ውስጥ የተጣለ ሽጉጥ ባረቀ ሲባል ብሰማ አይገርመኝም።

የኪስ አፎት ስትመርጡ ውጪውን ዳብሱት። ሻካራ ከሆነ ጨርቁን ይዞ ይቀራል፣ ሽጉጡ ብቻውን ይወጣል። ለስላሳ ከሆነ ከነአፎቱ ይመጣና መሳቂያ ትሆናላችሁ። መዶሻ የተሸፈነበትን የመረጥኩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሲወጣ ጨርቅ የሚይዝ ነገር የለውም። ይህ ቅርጽ በ1952 ሴንቴኒያል ተብሎ የወጣው የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን መቶኛ ዓመት አስመልክቶ ነው፤ እስከዛሬ ከዚህ የተሻለ የኪስ ቅርጽ ያመጣ ያለ አይመስለኝም። መዶሻው ውጪ የሆነውን የሚወዱ "አቀባብዬ በቀላል ምላጭ እተኩሳለሁ" ይላሉ። ለዒላማ ልክ ናቸው። ለኪስ ግን ያቺ የመዶሻ ጭራ ጣጣ ናት። ተቀባብሎ ሳይተኮስ የቀረ ሽጉጥን መዶሻ በሚንቀጠቀጥ እጅ ማውረድ ደግሞ የባሰ ጣጣ ነው።

አንድ ችግሩን አልደብቅም። ስትቀመጡ ኪስ ይዘጋል። መኪና ውስጥ፣ ቀበቶ ታስሮ፣ እጅ አይገባም። ረጅም መንገድ የምነዳ ከሆነ ወገቤ ላይ፣ ሱሪው ውስጥ እሻጠዋለሁ፤ በዚህ ክብደት ቀበቶ አያዘነብልም።

እጀታው ሌላው ድርድር ነው። አብሮት የመጣው አጭር ስለነበር ትንሿ ጣቴ አየር ላይ ትቀራለች። የኋላውም ያልተሸፈነ አሉሚኒየም ነው፤ እርግጫው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለችውን ሥጋ ያገኛታል። በጎማ እጀታ፣ የኋላውንም በሚሸፍን፣ ተክቼዋለሁ። ተኩሱ ተሻሽሏል። ግን ጎማ ልብስ ይይዛል፤ ሸሚዝ እጀታው ላይ ተለጥፎ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ከወገብ የምትይዙ ከሆነ ለስላሳ እንጨት፣ ከኪስ ከሆነ ጎማ ብዬ እለያለሁ።

ማጉረስና ቀለሃ ማውጣት ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በርሜሉ አጭር ስለሆነ ቀለሃ ገፊው ዘንግም አጭር ነው፤ ቀለሃውን እስከ መጨረሻው አይገፋውም። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጋችሁ ዘንጉን በመዳፍ አንድ ጊዜ በኃይል ምቱት። ለስለስ ካላችሁት አንዷ ቀለሃ ከኮከቧ (ቀለሃዎቹን ከምትገፋው የዘንጉ ኮከብ መሰል ጫፍ) ሥር ትወሸቃለች፣ እሷን በጥፍር ለማውጣት መታገል ነው። መለዋወጫ ጥይት በጠፍጣፋ የጎማ ማሰሪያ እይዛለሁ፤ ሁለት ሁለት ያጎርሳል። አምስቱን ባንዴ የሚያጎርሰው ክቡ ማጉረሻ ይፈጥናል፣ ግን ኪስ ያሳብጣል።

ጽዳቱ ቀላል ነው፤ አንድ ቦታ ግን አትዝለሉ። ሲሊንደሩን ከፍታችሁ ኮከቧን ገፋ አድርጉና ከሥሯ እዩ። ያልተቃጠለ የባሩድ ቅንጣት እዚያ ከተቀመጠ ሲሊንደሩ አልገጥም ወይም አልዞር ይላል። ኪስ የሚሰበስበው የጨርቅ ብናኝም ይጨመርበታል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በየጊዜው እጠርገዋለሁ፣ ባልተኩስበትም። ብሎኖቹን ማየትም አይረሳ፤ እርግጫው ያላላቸዋል። የኔው አንዱ ብሎን ላልቶ አግኝቼው በልኩ ጠበቅ አድርጌዋለሁ። ላብ ደግሞ አሉሚኒየሙ ላይ ያለውን ቀለም ከእጀታው በላይ ባለው ጠርዝ በልቶታል። መልኩ ነው የተበላሸው፣ ሥራው አይደለም። የታይታኒየም ሲሊንደር ያላችሁ በሻካራ ነገር አትፈግፍጉት።

"በዚህ ዘመን ለምን አምስት ጥይት?" የሚለው ጥያቄ ፍትሐዊ ነው። በ2018 የወጣው ሲግ ፒ365 ወደ 500 ግራም እየመዘነ ካዝናው ውስጥ አሥር ጥይት ይይዛል። ምላጩ ይቀላል፣ ማነጣጠሪያው ይታያል። ወገብ ላይ ብቻ የሚታጠቅ ሰው እሱን ቢመርጥ አልከራከርም። የሪቮልቨሩ ብልጫ ኪስ ውስጥ ነው የሚታየው። ጥይት ከከሸፈ ምላጩን ደግሞ መሳብ ነው፤ ማቀባበል የለም። ኮት ኪስ ውስጥ ሆኖ ቢተኮስም የሚንሸራተት ክፍል ስለሌለው ጨርቅ አያንቀውም። የእጅ ጉልበት አነስ ያለበት ሰው ግን ሁለቱም ያስቸግሩታል፤ የአንዱ ማቀባበያ፣ የሌላው ምላጭ። እንዲህ ላለው ሰው ቀላል ሪቮልቨር በስጦታ ከመስጠታችሁ በፊት የተኩስ ልምምድ ቦታ ወስዳችሁ አስሞክሩት። "ትንሽ ስለሆነ ለጀማሪ ይሆናል" የሚለው የሻጭ ወሬ ተገላቢጦሽ ነው። እቤት ሲገባ ደግሞ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ በዚህ ድርድር የለም።

እንደገና ብገዛ ያንኑ አሉሚኒየም እገዛለሁ። ብረቱን እወደዋለሁ፣ ግን ኪስ ውስጥ እንደሚወዛወዝ አውቃለሁ። ታይታኒየሙን አልለማመድበትም። የምለውጠው የፊት ማነጣጠሪያውን ነው። የኔው ከበርሜሉ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ አይቀየርም፤ በደማቅ ብርቱካንማ ቀለም እየቀባሁ ነው የምጠቀመው፣ ቀለሙም በአፎቱ ይፋቃል። በፒን የተያዘና የሚወልቅ ማነጣጠሪያ ያለው ካገኛችሁ፣ ጥቂት ግራም ቢከብድ እንኳ እሱን ያዙ።