መድኃኒት ሳይሸጥልኝ የሸኘኝ የእንስሳት መድኃኒት ቤት

ደሴ ውስጥ ለድመቱ ሐኪም የሚፈልግ ሰው ብዙ ምርጫ የለውም። የእንስሳት መድኃኒት ቤቶቹ ደንበኛቸው በግ፣ ላምና ዶሮ ያለው ገበሬ ነው። ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ያለውን ይህን ትንሽ ቤት ያገኘሁት በጎረቤት ጥቆማ ነው። ሐኪሙ በስም መጠራት ስላልፈለገ ስሙን እዚህ አልጽፍም። ሥራውን ግን ሳልመሰክር ማለፍ አልሆነልኝም።

ጥቁሬ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ወፍራም ጥቁር ድመት ናት። ብርዱ ከገባ ወዲህ ከወገቧ እስከ ጅራቷ ሥር ነጭ ፎረፎር ወረራት። የተኛችበት ጨርቅ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ምክር ሰጪው ደግሞ በዛ። አንዱ የሰው የፎረፎር ሻምፑ፣ ሌላው ለእከክ የሚቀባውን ቢቢኤል ይለኛል። አንድ ሌላ መድኃኒት ቤት ያለው ልጅማ ድመቷን ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖን አውጥቶ «በውሃ በጥብጠው ይጠቧት» አለኝ። ሳልገዛ ወጣሁ።

እዚህኛው ቤት ግን ወጣቱ ሐኪም መጀመሪያ ያደረገው ከካርቶኑ አውጥቶ መመዘን ነው። ከ6 ኪሎ በላይ ሆነች። ከዚያ ጠየቀኝ። ምን ትበላለች? የት ነው የምትተኛው? ታካለች? ቤት ውስጥ ክንዱን ወይ ሆዱን የሚያሳክከው ሰው አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ገርሞኝ ምክንያቱን ጠየቅኩት። ኬይሌቲዬላ የሚባል በዓይን በጭንቅ የሚታይ ተባይ እንዳለ ነገረኝ። ድመቷ ቆዳ ላይ ሲርመሰመስ ፎረፎሩ ራሱ የሚሄድ ይመስላል። ሰውንም ይነክሳል፣ ቀይ ሽፍታም ያወጣል።

ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ፌስታል ዘረጋ። ጥቁሬን አቁሞ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ማበጠሪያ ከጅራቷ ሥር ማበጠር ጀመረ። ፎረፎሩ ፌስታሉ ላይ ረገፈ። የስልኩን መብራት አስጠግቶ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ዝም ብለን አየነው። «አብሽሩ እናቴ፣ አይንቀሳቀስም» አለኝ። ከማበጠሪያው ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ለቀም አድርጎ እርጥብ ነጭ ጥጥ ላይ ጫነው። የቁንጫ ኩስ ቢሆን የተፈጨ ደም ስለሆነ ጥጡን ቀይ ቡናማ ያደርገዋል። አላደረገውም፤ ተራ አቧራ ነው። በመጨረሻ ግልጽ ፕላስተር ቆዳዋ ላይ ለጠፍ ነቀል አድርጎ መስታወት ላይ አጣበቀው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮቱ አዞረና በፀሐይ ብርሃን አየው። ተባይም የተባይ እንቁላልም የለም። የተነቃቀለ ወይም የተላጠ ቦታ ስለሌላትም ቆረቆር የሚያመጣው ፈንገስ ብዙም አላሰጋውም።

ታዲያ ምንድን ነው? ውፍረቷ፣ ብርዱና ምግቧ። ድመት ቆዳዋን የምትንከባከበው በምላሷ ነው። የወፈረች ወይም መገጣጠሚያዋ የሚያማት ድመት ወገቧ ጋ አትደርስም፤ ፎረፎሩ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ ጥቁሬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከከሰል ምድጃ ሥር አትጠፋም። በጾም ወራት ቤታችን ሥጋ አይገባም፤ እሷም ከእኛ ጋር የሽሮ ፍትፍት ትበላለች። ሐኪሙ እዚህ ላይ ጠንከር አለብኝ። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልገውን ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር፣ ለቆዳዋም የሚያስፈልገውን ስብ ከእንጀራና ከሽሮ አታገኝም። ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሷን ያፈርሳል። ይህን ድመት ያለው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ያዘዘልኝ ይኸው ነው፦ በየቀኑ በስሱ ማበጠር፣ መኝታዋን ከምድጃው ማራቅ፣ ውሃ ሁለት ሦስት ቦታ ማስቀመጥ፣ ጨው የሌለው የተቀቀለ ሥጋና አጥንቱ የወጣ ዓሣ። ዓሣው ከሐይቅ ስለሚመጣ እዚሁ ደሴ ይገኛል። ክብደቷን ቀስ አድርጌ እንድቀንስ፣ በምንም መንገድ ግን እንዳላስርባት አስጠነቀቀኝ፤ ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት እህል ካልቀመሰች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ሊገድላት ይችላል።

ቢቢኤሉንና ዲያዚኖኑን ሳነሳበት ፊቱ ተለወጠ። ድመት የተቀባችውን ሁሉ ትልሰዋለች፤ ጉበቷም ብዙ ነገር እንደ ሰው ወይም እንደ ውሻ አጣርቶ አያስወግድም። ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ ማጥፊያ ያለበት የውሻ ቁንጫ መድኃኒት እንኳ ድመት ይገድላል። የሰው የፎረፎር ሻምፑም ለእሷ ቆዳ የተሠራ አይደለም፤ ከነጭራሹ ያደርቀዋል።

የከፈልኩት የምርመራውን 200 ብር ብቻ ነው። መደርደሪያው ሙሉ መድኃኒት ነበር፤ አንዱን አንስቶ ቢሰጠኝ አመስግኜ እወስድ ነበር። ይህ ነው ልቤን የነካው።

ለውጡ በአንድ ጊዜ አልመጣም፤ ቆዳ እስኪታደስ ሳምንታት ይፈጃል ብሎኝ ነበር፣ እንዳለውም ሆነ። አሁን ጀርባዋ ያብለጨልጫል፤ ማበጠሪያውን ስታይ ራሷ መጥታ ትተኛለች። ውፍረቷ ገና ብዙ ይቀረዋል።

የጎደለውንም ልናገር። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ለድመት የተለየ መጠበቂያ የለውም። በገበያ ቀን በግና ውሻ በሩን ይሞላዋል፤ ጥቁሬ ካርቶኗ ውስጥ ሆና ስትንቀጠቀጥ አንጀቴን በላችው። ለድመት የተሠራ ሻምፑና ማጅራት ላይ የሚንጠባጠብ የቁንጫ መድኃኒት የላቸውም፤ የሚያስፈልገው ሰው ከአዲስ አበባ ማስመጣት አለበት። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ለሚመጣ ሰው አስቀድሞ መደወል ይሻላል፤ ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ለሕክምና ወደ ገጠር የሚወጣበት ቀን አለ። በጠዋት ሂዱ፤ ካርቶኑን በነጠላ ሸፍኑት፤ ፎረፎሩን አጥባችሁ አትውሰዱ፣ የሚመረመረው እሱ ነውና።