ፓሲቭ ሃውስ ወይስ «ዜሮ ኢነርጂ ሬዲ»? የአላባማዎቹ ሁለት ቤቶች

በአሜሪካ አላባማ ግዛት በምትገኘው ኦፔላይካ ከተማ የኦበርን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች ቤት ከሚሠራው በጎ አድራጎት ድርጅት ከሃቢታት ፎር ሂውማኒቲ የአካባቢው ቅርንጫፍ ጋር ሁለት ትናንሽ ቤቶች ሠርተዋል። ንድፋቸው ተመሳሳይ ነው፤ የኃይል መስፈርታቸው ግን ይለያያል። አንዱ የተሠራው በፓሲቭ ሃውስ ነው፤ ይህ ቤቱ በደንብ ታሽጎ ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ በጣም ትንሽ ኃይል እንዲፈልግ የሚያደርግ መስፈርት ነው። ሌላው የተሠራው በዜሮ ኢነርጂ ሬዲ ነው፤ ይህ ደግሞ ኃይል ቆጣቢ የሆነና ሶላር ሲገጠምለት የሚፈጀውን ያህል ኃይል ሊያመነጭ የሚችል ቤት መስፈርት ነው። የቱ ይሻላል?

ወጪ፦ ፓሲቭ ሃውስ ግንባታው ላይ ይከብዳል፤ ወፍራም የሙቀት መከላከያና ጥሩ መስኮት ይፈልጋል። በኋላ ግን የመብራት ሂሳቡ ይቀላል። ዜሮ ኢነርጂ ሬዲ መነሻው ላይ ቀለል ይላል። «ሬዲ» ማለት ግን ለሶላር ተዘጋጅቷል እንጂ ሶላር አለው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል።

አሠራር፦ የጀርመኑ የፓሲቭ ሃውስ መስፈርት ጥብቅ ነው። በግፊት ሙከራ ጊዜ በሰዓት የሚያፈሰው አየር ከቤቱ ይዘት 0.6 እጥፍ መብለጥ የለበትም። አንዲት የተረሳች ቀዳዳ ታስቀጣለች። ሌላኛው ላላ ይላል።

ስጋት፦ አላባማ ወበቃም ናት። በደንብ በታሸገ ቤት ውስጥ የማብሰያና የሻወር እንፋሎት መውጫ ካጣ ሻጋታ ይመጣል። ስለዚህ አየር ማናፈሻው መሥራት፣ ማጣሪያውም መጽዳት አለበት። ባለቤቱን ይህን ሳያሳዩ ቁልፍ ማስረከብ ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው።

ሥራውን ደረጃ በደረጃ የሚፈትሽ መምህርና ጊዜ ካለ ፓሲቭ ሃውስ ያዋጣል። ግንበኞቹ በየቅዳሜው የሚቀያየሩ በጎ ፈቃደኞች ከሆኑ፣ በጀቱም ጠበብ ካለ፣ ሁለተኛው ይሻላል።