ከ9 ወር በኋላ፦ ዮኮሞ ዋይዲ-2 የሪሞት መኪና እና የፓርኪንጉ ወለል

የምሠራው ዲሲ ውስጥ፣ ከመሬት በታች ሦስት ፎቅ ባለው ፓርኪንግ ነው። ፈረቃዬ የማታ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ታችኛው ፎቅ ባዶውን ያድራል። ወለሉ የተለሰነ ሲሚንቶ ነው፤ መኪና ሲታጠፍበት ጎማ የሚያስጮኸው ዓይነት።

ባለፈው መስከረም አንድ ወጣት ደንበኛ መኪናውን ሊወስድ መጣ። የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ክንድ የምታክል የሪሞት መኪና አወጣና "አምስት ደቂቃ ብጫወት ችግር አለው?" አለኝ። ለቀቃት። በሁለት ምሰሶዎች መካከል ጎኗን ሰጥታ ተንሸራተተች፤ የፊት ጎማዎቿ ወደ አንድ በኩል፣ እሷ ወደ ሌላ። አምስቱ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ሆነ። በሳምንቱ የራሴን አዘዝኩ። ማናጀሩንም አስፈቀድኩ፤ "መኪና ካልነካህ የራስህ ጉዳይ" አለኝ።

የገዛሁት ዮኮሞ ዋይዲ-2 ነው፤ የጃፓን ሥሪት፣ የፕላስቲክ ሻሲ ያለው ረከስ ያለው ዓይነት። መጠኗ ከእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ ነው። ሞተሩ የሚያዞረው የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ነው። ድሮ የሪሞት ድሪፍት (መኪናን በጎኗ እያንሸራተቱ መንዳት) የሚነዱ ሰዎች አራቱም ጎማ የሚዞር መኪና ነበር የሚጠቀሙት፤ እሱ ይቀላል። አሁን ብዙው ሰው ወደ ኋላ ጎማ ዞሯል፤ አካሄዱ እውነተኛውን ድሪፍት ይመስላላ። ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ከሞተሩ ጋር ስላልተያያዙ ከ60 ዲግሪ በላይ መታጠፍ ይችላሉ።

የሚመጣው ኪት ሆኖ ነው፤ ገዢው ራሱ ነው የሚገጣጥመው። ኪት ሲባል ታዲያ ኪት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው በየላስቲኩ የተከፋፈለ ብሎን፣ ሞላ፣ ኩሽኔታና የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። ሞተር የለም። ባትሪ የለም። ሪሞት የለም። መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ፣ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኢኤስሲ፣ መኪናዋን ከመሾር የሚያድነው ጋይሮ፣ ቻርጀሩ፣ ቦዲው፣ ሁሉም ለየብቻ ይገዛል። ሻሲውን 200 ዶላር አካባቢ ስገዛ ርካሽ መስሎኝ ነበር። ሁሉም ተደምሮ ከ700 አለፈ። ለባለቤቴ የነገርኳት የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው።

መገጣጠሙ አራት ማታ ፈጀብኝ። በሥዕል የሚመራ ስለሆነ አያስቸግርም። አንድ ምክር ብቻ፦ ጥሩ ባለ 2 ሚሊሜትር ካቻቢቴ ግዙ። በርካሹ የብሎን ራስ ሟሽሾብኝ አንዱን ለማውጣት ግማሽ ሌሊት ታገልኩ።

9 ወር ነድቼ የገባኝን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ገንዘብና ጊዜ መጀመሪያ ለጎማ፣ ቀጥሎ ለጋይሮና ለሰርቮ፣ መጨረሻ ላይ ለሞተር። እኔ የሄድኩት በተገላቢጦሽ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ባለ 6.5 ተርን ሞተር ነበር። ተርን ማለት ሽቦው ስንት ጊዜ እንደተጠመጠመ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ፍጥነቱ ይጨምራል። "ፈጣን ከሆነ ደህና ይንሸራተታል" ብዬ ነው። ነዳጅ መስጫዋን ነካ ሳደርጋት መኪናዋ እንደ እንዝርት ሾረች። ለድሪፍት የሚያስፈልገው ጉልበቱን በቀስታ የሚሰጥ ሞተር ነው፤ ጣት ትንሽ ሲጨምር ጎማው ትንሽ የሚጨምር። አሁን ያለው ባለ 13.5 ተርን ነው። ያኛው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚገዛኝም አላገኘሁ።

የሞተሩ ጥፋት ግን ግማሹ ነበር። ሌላው ግማሽ ጋይሮው ነው።

እውነተኛ መኪና ስትነዱ የኋላዋ ሲያመልጥ መቀመጫችሁ ይነግራችኋል። እጃችሁም ሳታስቡት መሪውን ይመልሳል። ሪሞት ይዞ የቆመ ሰው ይህ ስሜት የለውም። ዓይኑ አይቶ ጣቱ እስኪታዘዝ መኪናዋ ፊቷን አዙራ ታየዋለች። ጋይሮ የክብሪት ሣጥን እንኳ የማትሞላ ዕቃ ናት፤ መኪናዋ በምን ፍጥነት እየዞረች እንደሆነ ትለካና ሰርቮው መሪውን ወደ ተቃራኒው እንዲመልስ ታዘዋለች። የኋላ ጎማ ድሪፍት ያለ እሷ በጣም ከባድ ነው። እኔ ሳልችለው ቀርቻለሁ።

ሁለት ማታ ሙሉ እንዲሁ ስትሾር ያየኝ ሰው ነበር። ፈረቃ የሚጋሩኝ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አዲስ አበባ ለ17 ዓመት ላዳ ታክሲ ነድተዋል። ሻያቸውን ይዘው ወረዱና ትንሽ ቆመው አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ጭራዋ ወደ ቀኝ ስትሄድ መሪዋ ለምን ወደ ግራ ይሄዳል?"

"ራሷ ናት የምትመልሰው ጋሼ፣ ጋይሮ አላት።"

"ታዲያ ጋይሮህ መንጃ ፈቃድ የለውም።"

እውነታቸውን ነው። ጋይሮው በተገላቢጦሽ ተስተካክሎ ነበር፤ ማዳን ሲገባው እየገፋ ይጥላታል። አንዲት ማብሪያ ገልብጬ ተቃና። ለጀማሪ መሞከሪያው ቀላል ነው። መኪናዋን ከመሬት አንሡ። አፍንጫዋን ወደ ግራ ጠምዘዝ አድርጉ። የፊት ጎማዎቹ ወደ ቀኝ ካልዞሩ ጋይሮው ተገልብጧል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠኑን ማግኘት ነው። የጋይሮው ኃይል ሲበዛ መኪናዋ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ሳይቀር የፊት ጎማዎቿ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣሉ። ሲያንስ ደግሞ ትዞራለች። እኔ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ እጨምርና ከዚያ ጥቂት እቀንሳለሁ። ወለል ሲቀየር እንደገና መነካካት አለ።

ሰርቮ ላይ መቆጠቤ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ኢንተርኔት ላይ በ15 ዶላር ያገኘሁት ሰርቮ ሁለት ወር ሠርቶ ጭስ አወጣ። ጋይሮ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ነው ትዕዛዝ የሚልከው፤ ቀርፋፋ ሰርቮ አይደርስበትም፤ ሲሯሯጥ ይሞቃል። አሁን ያለው ዲጂታል ነው፤ 60 ዲግሪውን በ0.08 ሰከንድ ይዞራል ተብሎ የተሸጠ። ዋጋው የበፊቱን አራት እጥፍ ነው። ልዩነቱ በመጀመሪያው ደቂቃ ታወቀኝ።

ወደ ጎማ እንምጣ። የድሪፍት ጎማ ላስቲክ አይደለም፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። አዲስ ሲሆን ጠርዙ ስለት አለው፤ የፓርኪንጉ መውረጃ ዳገት ላይ ያለው ሻካራ ሲሚንቶ ላይ አሥር ደቂቃ አሽቼው ነው የምጀምረው። ጎማ ሁሉ ለሁሉም ወለል አይሆንም። ለምንጣፍ የተሠራውን ሲሚንቶ ላይ ስሞክረው መኪናዋ በሳሙና ውኃ ላይ የምትሄድ መሰለች። በሦስት ዓይነት ሞክሬ ነው የሚስማማኝን ያገኘሁት። የሦስቱ ዋጋ ተደምሮ ከሞተሩ አይደርስም፤ ለውጡ ግን ከሞተሩ በላይ ነው።

የፊት ጎማዎቹን ከላይ ወደ ውስጥ 7 ዲግሪ ያህል አዘንብያቸዋለሁ፤ የኋላዎቹን 2። ስልኬ ላይ ባለው የማዕዘን መለኪያ ነው የማስተካክለው። መኪናዋ ቆማ ስትታይ እግሯ የታመመ ትመስላለች። መሪው እስከ ጥግ ሲታጠፍ ግን ጎማው ወለሉ ላይ በደንብ የሚያርፈው ያኔ ነው። ከኋላ ደግሞ 30 ግራም እርሳስ ለጥፌባታለሁ፤ ጎማው እንዲይዝ። ከወለሉ ያላት ከፍታ 5 ሚሊሜትር ነው። ትንሽ ዝቅ ባደርጋት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የውኃ መውረጃው ፍርግርግ አፍንጫዋን ይነክሳል።

ጥር ሲገባ ያልጠበቅኩት ጠላት መጣ። ጨው። ከተማው በረዶ ሲመጣ መንገዱ ላይ ጨው ይረጫል። ደንበኞች በጎማቸው ይዘውት ይወርዳሉ። ሲደርቅ ወለሉ ላይ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ትናንት ያስተካከልኳት መኪና ዛሬ ሌላ መኪና ናት። መጥረጊያ ይዤ መውረድ ጀመርኩ፤ ማናጀሩ ትጉህ ሠራተኛ መሰልኩት። በየካቲት የፊት ኩሽኔታዎቹ እንደ ወፍጮ ይጮኹ ጀመር፤ አራቱንም ቀየርኳቸው። የእሷ ጥፋት አይደለም፤ ማንም ሰው ጨው ላይ ንዳት አላለኝም። ሻሲው ራሱ ምሰሶ ስንት ጊዜ ተሳልሞ እስካሁን አልተሰነጠቀም።

ባትሪው 7.4 ቮልት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ነው፤ ባለ 4000 ሚሊአምፒር ሰዓት። በ13.5 ሞተር ወደ 40 ደቂቃ ይሄዳል፤ ለአንድ ማታ ሁለት ይበቃሉ። አንዱን ግን ገደልኩት። ሙሉ ቻርጅ አድርጌ ሦስት ሳምንት ቁም ሣጥን ውስጥ ረሳሁት፤ እንደ ዳቦ ተነፍቶ አገኘሁት። ሊፖ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ቻርጅ ሲደረግም እሳት በሚችል ቦርሳ ውስጥ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ።

ቦዲው የቶዮታ ኤኢ86 ነው፤ የድሪፍት ነጂው ኬይቺ ቱቺያ በጃፓን የተራራ መንገዶች ዝናውን ያተረፈባት፣ በፈረንጆቹ የ1980ዎቹ ኮሮላ። እውነተኛዋ ከጎማ ጎማ 2.4 ሜትር ናት፤ የእኔ ሻሲ 25.7 ሴንቲሜትር ስለሆነ ቦዲው ትንሽ ተለጥጧል። ቦዲ ጥርት ያለ ፖሊካርቦኔት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ የሚቀባውም ከውስጥ ነው። እኔ የተራ ብረት ስፕሬይ ቀባሁትና በመጀመሪያው ግጭት እንደ እንቁላል ቅርፊት ተላጠ። ለፖሊካርቦኔት የተሠራ ቀለም አለ። ሁለተኛውን ቦዲ በእሱ ቀባሁት፤ ሰማያዊና ነጭ። ጋሼ ሲያዩዋት ሳቁ። "ላዳዬን ጃፓን አደረግሃት" አሉ።

በሚያዝያ አንድ ሰዓት ተኩል ነድቼ ቤት ውስጥ ያለ የምንጣፍ ትራክ ሄድኩ። በር ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሞተር አልነበረም፤ "ጎማህ ምንድነው?" ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ጎማ ነው የሚጠቀመው፤ ያለዚያ መኪኖቹ እኩል ስለማይንሸራተቱ አብሮ መንዳት አይቻልም። የሪሞት ድሪፍት ጣዕሙ ደግሞ እዚያ ነው። ከፊትህ ያለችውን መኪና በሯን ልትነካ በምትደርስበት ርቀት ተከትለህ አብረሃት ትታጠፋለህ። እኔ ለሰባት ወር ምሰሶ ነው የተከተልኩት። ምሰሶ ፍሬን አይዝም። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ያሳለፍኩት ይቅርታ ስጠይቅ ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው ልግዛ ወይ ቢለኝ፣ መጀመሪያ ወለልህን አሳየኝ እለዋለሁ። ለስላሳ ወለል ወይም ቅርብ ትራክ ካለው ይግዛ። ለልጅ ስጦታ ከሆነ ግን ይቅር፤ ሳጥኑን ሲከፍት ብሎን አይቶ ያለቅሳል፤ ተገጣጥማ የምትሸጥ ትሻለዋለች። እንደኔ ምርጫ ዳግም ብጀምር ይህንኑ ሻሲ ነው የምገዛው፤ መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል፤ ሌላ ሰው የሞከረው ማስተካከያም ሞልቷል።

አሁን መኪናዋ ቆማለች። ባለፈው ሐሙስ ጋሼ ሪሞቱን ተቀብለው ምሰሶ ቁጥር 14ን ዞሩት፤ ንጹሕ አዟዟር፣ ጭራዋ ሳትነካ። ተደስተው ነዳጁን ጨመሩ። ምሰሶ 15 ግን አልዞረም። የቀኝ ፊት ክንድ ተሰብሯል። መለዋወጫው ማክሰኞ ይደርሳል፤ ሒሳቡን ከፍለዋል።