ሣር ወይስ ጤና አዳም?

አዲስ አበባ ውስጥ ጠባብ ግቢ ያለው ሰው ሣር ልትከል ወይስ ጤና አዳምና በሶብላ እያለ ያመነታል። ሣር ለዓይን ደስ ይላል፤ ልጆችም ይንከባለሉበታል። ክረምት ላይ ግን ቶሎ ቶሎ ካልታጨደ ጫካ ይሆናል። ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ውሃ ውሃ ይላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማን ሣር ያጠጣል?

ጤና አዳም ፀሐይና ውሃ የማይቋጥር አፈር ካገኘ ብዙ አያስቸግርም፤ ድርቅም ይችላል። ቅጠሉ ለቡና፣ ፍሬው ለበርበሬ ይሆናል። ብቻ በጠራራ ፀሐይ ስትቆርጡት ጓንት አድርጉ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። በሶብላ ውርጭ ስለማይችል በየዓመቱ ይዘራል።

እኔ ቤት ውስጥ ልጅ ከሌለ ሣሩን እተወዋለሁ። ለበዓል የሚጎዘጎዘውን ቄጠማ እንደሆነ ከገበያ እገዛለሁ።