የጎረቤት ቡቃያ ወይስ የላብራቶሪ ችግኝ?

ኮምቦልቻ ጓሮው ላይ ሙዝ መትከል የፈለገ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ከጎረቤት ቡቃያ መንቀል፣ ወይም በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከተክሉ ትንሽ ቁራጭ ተነስቶ በላብራቶሪ የተባዛ ችግኝ መግዛት።

የጎረቤቱ በነፃ ነው። ሥር ሰርሳሪው ኔማቶድ የሚባለው ትልም አብሮ በነፃ ሊመጣ ይችላል። ትሉ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ሥራው ግን ይታያል፦ ሥሩን በቁመቱ ሰንጥቁት፤ ቀላ ያለ ቡናማ ቁስል ካለበት ጠርጥሩ። ሥሩ የተበላ ሙዝ ዘለላው ሲከብደው ከነሥሩ ተነቅሎ ይወድቃል።

መላው ከባድ አይደለም። ሥሮቹን በሙሉ መልምሉ፤ ሥሮቹ የሚወጡበትን የቡቃያውን የታች እብጥ ነጭ እስኪሆን ላጡት። ከዚያ 55 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ለ20 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ቴርሞሜትር ግድ ነው። በእጁ የሚገምት ሰው ወይ ቡቃያውን ይቀቅላል፣ ወይ ትሉን ገላ ያጥባል!

የቲሹ ካልቸሩ ከላብራቶሪ ሲወጣ ከኔማቶድ ንጹህ ነው። ግን ያስወጣል፣ መጀመሪያ ላይም እንክብካቤ ይፈልጋል። ትሉ ያለበት መሬት ላይ ከተተከለ ደግሞ ገንዘቡ ውሃ በላው፤ መሬቱ አስቀድሞ አንድ ዓመት ያህል ከሙዝ ማረፍ አለበት።

ሰርሳሪው ትል ሙቀት ወዳድ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ቦታዎች የሚበዛው ፕራቲለንከስ ጉዴዪ የተባለው ዘመዱ ነው። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ኮምቦልቻ ይሄኛውም ያሳስባል። ደግነቱ መላጡና ሙቅ ውሃው ሁለቱንም ይመታል።

ለጓሮ እኔ ቡቃያውን እመርጣለሁ። መሬቱ ንጹህ ሆኖ በሄክታር ለሚተክል ግን ላብራቶሪው ያዋጣል።