ሶላሩ በሐምሌ ምን ይመስላል? ከስምንት ወር በኋላ

ሶላር የሚሸጥ ሰው ዕቃውን የሚያሳየው በበጋ ነው። እኔም የገዛሁት በ2017 ግንቦት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀን ነው። ባለሱቁ ፓኔሉን ደጃፉ ላይ አጋደመና አምፖል አበራበት፣ ቴሌቪዥን ከፈተበት። "ይኸው!" አለኝ። አመንኩት። ክረምቱን ግን ማንም አላሳየኝም። እሱን ያየሁት ከገዛሁ በኋላ፣ ወላጆቼ ቤት ነው። አሁን ጥር ላይ ነን፤ ስምንት ወር ሞላው።

ቤቱ ከባሕር ዳር በስተ ሰሜን፣ ሮቢት ነው። ጣና ቅርብ ነው። ግቢው ውስጥ ጌሾ፣ ማንጎ፣ ሁለት ላሞች፣ ዶሮዎችና አንድ የውኃ ጉድጓድ አለ። መብራት ገብቷል። ሲኖር ጥሩ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ነፋስ በነፈሰ፣ መብረቅ በጮኸ ቁጥር ይሄዳል።

የዕቃውን ስም አልጠራም። እዚህ ገበያ አንዱ ዕቃ በአምስት ስም ስለሚሸጥ ስሙ ብዙም አይጠቅማችሁም። ቁጥሩ ይሻላችኋል። ባለ 200 ዋት ሁለት ፓኔል፣ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት አንድ ሊቲየም ባትሪ፣ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይር ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር። ከነገጠማው 98 ሺህ ብር ወጣብኝ። ዛሬ ብትጠይቁ ሌላ ዋጋ ትሰማላችሁ፤ ከዶላሩ ጋር ነው የሚሮጠው።

ባትሪው 12.8 ቮልት ነው። በ100 ሲባዛ 1280 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ዋት-ሰዓት ማለት የዕቃው ዋት በሚሠራበት ሰዓት ሲባዛ ነው። ባለ 9 ዋት አምስት አምፖሎች ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ቢበሩ የሚወስዱት 225 ነው። ቴሌቪዥናችን 60 ዋት ነው፤ አራት ሰዓት ቢታይ 240። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ፍሪጁ ሲመጣ ነገር ይበላሻል። ሞተሩ ሲሠራ 130 ዋት ይስባል። ግማሹን ሰዓት ቢያርፍ እንኳ በቀን ከ1500 በላይ ይበላል። ባትሪው ብቻውን አንድ ቀንና ሌሊት አይችለውም ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ባለሱቁ አልሠራልኝም። እኔም አልጠየቅኩትም፣ እውነቱን ለመናገር።

ግንቦትና ሰኔ ያለ ችግር አለፉ። ሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ግን ማታ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነሣ። ጣና ዳር ያደገ ሰው ያንን ነፋስ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፣ ከዚያ ዝናቡን ይዞ ይመጣል። ከእኛ ከፍ ብሎ ያለ አንድ ባሕር ዛፍ ተገንድሶ ሽቦው ላይ ወደቀ። ሁለት ምሰሶ አብሮ ወደቀ። መብራት ለስድስት ቀን ጠፋ።

የመጀመሪያዋ ሌሊት የሠርግ ያህል ነበረች። ኢንቨርተሩ ቀጭ አለና ቤቱ እንደበራ ቀጠለ። አባዬ ዜና እያየ ነበር፤ መብራት መሄዱን ያወቀው ለሽንት ወጥቶ የጎረቤቱ ሁሉ ጨለማ ሲሆንበት ነው። ተመልሶ ገባና "የኛ ብቻ ነው እንዴ?" አለ። ደረቱ ነፋ ብሎ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቅ አለች። ከዚያ ሰማዩ ተደፋ። ማታ ማሳያውን ሳየው ቀኑን ሙሉ የገባው 410 ዋት-ሰዓት ነው። በሦስተኛው ቀን 290። ሰሞኑን፣ በዚህ በጥር ፀሐይ፣ እነዚሁ ሁለት ፓኔሎች ከ1600 በላይ እየሰጡኝ ነው። ልዩነቱን አስቡት።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ኢንቨርተሩ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ተነሥቼ ሳየው ባትሪው አልቋል። ፍሪጁ ውስጥ ወንድሜ ከጀልባ ላይ የገዛው አንድ ትልቅ አምባዛ ነበር። ጠዋት እማዬ ከፍታ አሸተተችውና ምንም ሳትል ድስት ጣደች። በዚያ ቀን ቁርስም ምሳም ዓሣ ነበር። ጎረቤትም በላ።

የጫጩቶቹ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። እማዬ የአንድ ሳምንት 50 ጫጩቶች ነበሯት፣ ባለ 60 ዋት አምፖል ሥር። የድሮው፣ የሚያቃጥለው ዓይነት። 60 ዋት ትንሽ ይመስላል። ከምሽት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ሲበራ ግን 720 ነው፤ ከባትሪው ግማሽ በላይ። በሁለተኛው ሌሊት "ይጥፋ" አልኳት። ተቆጣችኝ። ከዚያ ግን ራሷ ዘዴ አመጣች። ባለ 5 ሊትር ሁለት ጀሪካን የፈላ ውኃ ሞላች፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቀለለቻቸው፣ ጭድ ያለበት ካርቶን ውስጥ አስቀመጠች። ጫጩቶቹ ዙሪያውን ተለጠፉበት። እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥታ ውኃውን ቀየረችው። በስድስቱ ቀን ውስጥ ሁለት ሞቱብን፤ 48ቱ ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ሶላሩ ላይ ሙቀት የሚሠራ ዕቃ አልሰካም። ካውያም ቢሆን፣ የውኃ ማፍያም ቢሆን።

ስልክ ግን ይሰካል። ሁለተኛው ቀን ላይ ወሬው ተሰማና ጎረቤት መምጣት ጀመረ። "እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ትንሽ ነፍስ ይዝሩባት ብዬ ነው" ትላለች አንዷ፣ ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ። አንድ ጠዋት ዲቫይደሩ ላይ 11 ስልክ ቆጠርኩ። የሚበቃ ቻርጀር ስላልነበረ ተራ ይያዝ ነበር። አንድ ስልክ 15 ዋት-ሰዓት ቢወስድ 165 ነው፤ የባትሪው አንድ ስምንተኛ። ለእማዬ ነገርኳት። "ታዲያ ልመልሳቸው?" አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገርኩም። ቀን ላይ፣ ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ብቻ እንዲመጡ አደረግንና ተስማማን።

አሁን ገጣሚው የሠራውን ስሕተት ልንገራችሁ። ፓኔሎቹን ወደ ደቡብ አዙሮ፣ በደንብ አቁሞ ነበር የሰቀላቸው። ለበጋ ትክክል ነው። ግን ባሕር ዳር አካባቢ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምትሄደው ከእኛ በስተ ሰሜን ነው። በክረምት ቀትር ላይ ጓሮ ቁማችሁ ጥላችሁን እዩት፤ ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው። ፓኔሎቻችን በሚያስፈልጉን ወራት ለፀሐይ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ ወንድሜና እኔ ቆርቆሮ ላይ ወጥተን ዝቅ አደረግናቸው። ጠፍጣፋ ማለት ይቻላል፤ ዝናቡ እንዲያጥባቸው ትንሽ ዘመም አሉ። ተአምር አልሠራም፣ ደመና ደመና ነው። ግን ሰማዩ ሲደፈን ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ ወደ ላይ ያየ ፓኔል ይሻላል። ተመሳሳይ በሚመስሉ ቀኖች ላይ ከመቶ እስከ መቶ ሃምሳ ዋት-ሰዓት ጭማሪ አየሁ። አሁን ለበጋው መልሰን ትንሽ አቅንተናቸዋል።

የተበላሸ ነገር? አንድ ጊዜ። በጥቅምት ኢንቨርተሩ ድንገት ዝም አለ። የወሰድኩበት ሱቅ ከፈተው፣ ውስጡ አንድ እንሽላሊት ደርቃ ተለጥፋለች። ሙቀቱን ፈልጋ በአየር ማስገቢያው ገብታ ነው። "ነፍሳት የገባበት በዋስትና አይሸፈንም" አሉኝ። እንሽላሊት ነፍሳት ናት ወይ ብዬ መከራከር አማረኝ፤ ተውኩት። ከተማ ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግን አንድ ልጅ ሠራልኝ። አሁን ቀዳዳዎቹን በቀጭን የወባ አጎበር ጨርቅ ሸፍኛቸዋለሁ። አየር ያልፋል፣ እንሽላሊት አታልፍም። ጨርቁ አቧራ ስለሚይዝ በየሁለት ሳምንቱ ማራገፍ አለባችሁ።

ባትሪው ራሱ እስካሁን አላሳፈረኝም። ከዚያ በፊት አባዬ በመኪና ባትሪ አምፖል ያበራ ነበር፤ ሙልጭ አድርጎ እየጨረሰው ባትሪው ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሊቲየሙ ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ወርዷል፣ አሁንም እንደ መጀመሪያው ይይዛል።

ሰው ሲጠይቀኝ ብዙዎቹ "ባትሪ ልጨምር?" ነው የሚሉት። እኔ ፓኔል ጨምሩ እላለሁ። ሐምሌ ላይ ሁለተኛ ባትሪ ቢኖረኝ ኖሮ ሁለት ባዶ ባትሪ ይኖረኝ ነበር። የጎደለው ከፓኔል ወደ ባትሪው የሚገባው ነው። ሁለት ፓኔል ለመጨመር ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው፤ ከሰኔ በፊት ይደርሳል ብዬ አስባለሁ። የፍሪጁንም ነገር ተምረናል። በክረምት ሶላር ላይ የሚሠራው ከጠዋት እስከ ቀትር ነው፤ ማታ ይጠፋል፣ ማንም አይከፍተውም።

አባዬ አሁን የሚጠይቀኝ ስለ ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን 3500 ዋት አካባቢ ይበላል፣ ኢንቨርተሩ 1000 ነው። "አይችልም" አልኩት። "መቶ ሺህ ብር አውጥተህ?" አለኝ። እማዬ ሰማችና ሳቀች። በዚያ በሐምሌው ስድስት ቀን ሊጡ ኩፍ ብሎ መብራት ሲጠፋባት፣ እርጥብ እንጨት እያጨሰች፣ ዓይኗ እያለቀሰ ነበር የጋገረችው። ትናንት ሄጄ ሳያት ሰው ቀጥራ እንጨት እያስፈለጠች ነው። ከላሞቹ በረት አጠገብ ደርድራ በሸራ ሸፍናዋለች።

"በጥር?" አልኳት።

"ታዲያ በሐምሌ ይደርቃል?" አለችኝ።